መርከቡ የት ተሠራ? ከቃሊቲ ሆነን የምናየው የአሜሪካ የወደብ ክፍያ

[ምስል፦ ቃሊቲ፣ ማለዳ። ኮንቴይነር የጫኑ ተሳቢዎች ተሰልፈዋል።]

ቃሊቲ ነን። ከጅቡቲ የመጡ ሾፌሮች መኪናቸውን አቁመው ሻይ ይዘዋል። ወረፋው ገና አልተንቀሳቀሰም።

[ምስል፦ የኮንቴይነር በር፣ በቅርበት።]

በሩ ላይ ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች። አቧራውን በአውራ ጣት ጠረግ ሲያደርጉት፣ ኮንቴይነሩ የትና መቼ እንደተሠራ ይነበባል። ይኼኛው ቻይና ነው። አጠገቡ ያለውም ቻይና። ያመጣቸው መርከብስ የት ተሠራ? እዚህ ሰፈር ይህን የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም። አሜሪካ ግን ጠይቃለች፤ መልሱንም ዋጋ አውጥታበታለች።

ነገሩ የጀመረው በመጋቢት 2016 ነው። አምስት የአሜሪካ የሠራተኛ ማኅበራት «ቻይና በመንግሥት ድጎማ የመርከብ ግንባታውን ጠቅልላ ያዘችው» ብለው ለመንግሥታቸው አቤት አሉ። ስጋታቸው ከመሬት የተነሳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የቻይና ድርሻ ከዓለም የመርከብ ግንባታ 5 በመቶ አይሞላም ነበር። በ2023 ከግማሽ አልፏል። የአሜሪካ ድርሻ 1 በመቶ እንኳ አይደርስም።

መንግሥትም ሰማቸው፤ ወደ አሜሪካ ወደብ በሚገቡ ከቻይና ጋር በተያያዙ መርከቦች ላይ ክፍያ ጣለ። ክፍያው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ሥራ ላይ ዋለ።

[ምስል፦ የመርከብ ሆድ በሥዕል።]

አሠራሩን ልብ በሉ፤ ተመኑ ክፍያው ሲጀመር የነበረው ነው። ባለቤቱ ወይም የሚያንቀሳቅሰው ኩባንያ ቻይናዊ ከሆነ፣ በአንድ የተጣራ ቶን 50 ዶላር ይከፈላል። እዚህ ላይ ቶን ማለት ክብደት አይደለም፤ ጭነት የሚይዘው የመርከቡ ሆድ ስፋት ነው። ባለቤቱ የሌላ አገር ሆኖ መርከቡ ቻይና ከተሠራ ደግሞ በተጣራ ቶን 18 ዶላር ወይም በአንድ ኮንቴይነር 120 ዶላር ይታሰባል፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል። 5,000 ኮንቴይነር ሲራገፍ በኮንቴይነሩ ሒሳብ ብቻ 600,000 ዶላር ማለት ነው። ለአንድ መርከብ በዓመት ከአምስት ጊዜ በላይ አይከፈልም። ተመኑ ግን በየዓመቱ እንዲጨምር ተደርጎ ነው የወጣው።

መኪና ጫኝ መርከቦች ላይ ሲሆን ነገሩ የቻይና ብቻ አልሆነም። ከአሜሪካ ውጭ የተሠራ ሁሉ ይከፍላል ተባለ። ከመርከብ ኮንቴይነር በሚያወርዱት የቻይና ግዙፍ ክሬኖች ላይም 100 በመቶ ታሪፍ ተጣለ። አሜሪካ ወደቦች ላይ ካሉት እነዚህ ክሬኖች 80 በመቶ ያህሉ የአንድ የሻንጋይ ኩባንያ ሥራ ናቸው። ስለዚህ ወደቦቹ ራሳቸው ጮኹ።

ቻይናም ዝም አላለችም። በዚያው በጥቅምት 4 ቀን በአሜሪካ መርከቦች ላይ በተጣራ ቶን 400 ዩዋን ጣለች። አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ሁለቱ መሪዎች ደቡብ ኮሪያ ላይ ተገናኙ። ከኅዳር 1 ቀን 2018 ጀምሮ ሁለቱም ወገን ክፍያውን ለአንድ ዓመት አቆመው። አቆመው እንጂ አልሰረዘውም።

[ምስል፦ ወደ ወረፋው መመለስ።]

ታዲያ ይህ ቃሊቲን ምን አገባው? በቀጥታ ካያችሁት ምንም። እነ አሶሳ፣ ጅግጅጋና መቀሌ፣ የራሳችን መርከቦች፣ ቻይና የተሠሩ ናቸው። ግን ደንቡ እስከ 55,000 ቶን (እዚህ ላይ ቶን ክብደት ነው) የሚጭኑትን ቻይና ሠራሽ መርከቦች ከዚህ ክፍያ ነፃ ያደርጋል፤ እነዚህ ከዚያ ያንሳሉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። መርከብ እንደ ቤት አንድ ቦታ አይቀመጥም። ክፍያው ሲመጣ ትልልቆቹ የመርከብ ኩባንያዎች ኮሪያና ጃፓን የተሠሩትን ወደ አሜሪካ መስመር፣ ቻይና የተሠሩትን ወደ ሌላው ዓለም ማዘዋወር ጀመሩ። እንዲህ ያለ መቀያየር ሲበዛ ጉዞ ይዛነፋል። እኛ ደግሞ መዘግየትን የምንችል አይደለንም። ከንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ኮንቴይነር በተፈቀደለት ቀን ካልተመለሰ ዲመሬጁ፣ ማለትም የመዘግየት ቅጣቱ፣ በዶላር ይቆጠራል። ዶላር እንዴት እንደሚገኝ ደግሞ እዚህ ለማንም አይነገርም።

ቀይ ባሕር ላይ የሆነውን አስታውሱ። መርከቦች ሲጠቁ ብዙዎቹ አፍሪካን ዞረው መሄድ ጀመሩ፤ የጦርነት ስጋት ተብሎም በማጓጓዣ ሒሳብ ላይ አዲስ ክፍያ ገባ። ያንን ክፍያ የከፈለው በመጨረሻ የጄኔሬተር መለዋወጫ ሊገዛ መርካቶ የወረደው ሰው ነው።

ስለዚህ ዕቃ የምታስመጡ ሰዎች፣ አደራ፣ የማጓጓዣ ደረሰኙን ጠቅላላ ድምር ብቻ አይታችሁ አትለፉ። ከሥሩ የተደረደሩትን ትንንሽ ክፍያዎች አንድ በአንድ አንብቡ። ያልገባችሁን ትራንዚተራችሁን ጠይቁ፤ ይህ ለምንድን ነው፣ ከመቼ ጀምሮ ነው በሉት። አገሪቱም ቀጣዩን መርከብ ስታዝዝ ከዋጋው ጋር የሚገነባበትን አገር አብራ ብታሰላው ደስ ይለኛል። መርከብ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል። ክፍያው የቆመው ግን እስከ ኅዳር 2019 ብቻ ነው።

[ምስል፦ በሩ ተከፍቶ የመጀመሪያው ተሳቢ ይገባል።]