ደመወዝ የሌለው ሀብታም ስንት ግብር ይክፈል?

ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣ ውድ እንግዶቻችን፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ።

የሥራ ሪፖርቱን ዋና ጸሐፊያችን ከሰዓት በኋላ ያቀርባሉ። የኦዲት ሪፖርቱም በእጃችሁ ነው። እኔ የተሰጠኝን ጊዜ ለዘንድሮው የመወያያ ርዕስ ላውለው። ሀብታሞች ተገቢውን ግብር እንዲከፍሉ ምን ይደረግ? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሀብታምና በድሃ መካከል ስላለው ልዩነት ብዙ አላወራም። የ2022 የዓለም ኢ-እኩልነት ሪፖርት እንደሚለው፣ ከላይ ያለው 10 በመቶ ሕዝብ ከዓለም ሀብት 76 በመቶውን ይዟል። ከታች ያለው ግማሽ ሕዝብ የያዘው 2 በመቶ ነው። ያስደነግጣል። ከዚህ አዳራሽ የሚጠበቀው ግን መደንገጥ አይደለም።

በየክርክሩ መጀመሪያ የሚነሳው የግብር ምጣኔው ነው። 50 በመቶ ይሁን፣ 60 ይሁን ይባላል። ለእኔ እሱ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። ገቢ ተብሎ የተመዘገበ ነገር ከሌለ 90 በመቶም ቢባል የሚሰበሰብ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተቀጣሪ ሠራተኛ ደመወዙ እጁ ሳይገባ ግብሩ ይቆረጣል። የትልልቅ ባለሀብቶች ሀብት ግን በአብዛኛው አክሲዮን ነው። አክሲዮኑ በአንድ ዓመት በመቶ ሚሊዮኖች ቢያድግም፣ በብዙ አገሮች ሕግ እስካልተሸጠ ድረስ ገቢ አይባልም። ኩባንያው የትርፍ ድርሻ ካላከፋፈለ ደግሞ ባለቤቱ በወረቀት ላይ ገቢ የለውም ማለት ይቻላል።

ታዲያ በምን ይኖራል? በብድር። አክሲዮኑን አስይዞ ከባንክ ይበደራል። ብድር ገቢ ስላልሆነ ግብር የለበትም። ወለዱ ከአክሲዮኑ ዕድገት እስካነሰ ድረስ ምን አስጨንቆት ይሸጣል? አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ነገሩ እስከ መቃብር ይዘልቃል። ሰውየው ሲሞት አክሲዮኑ ለወራሾቹ የሚመዘገበው በሞተበት ቀን የገበያ ዋጋ ነው። በሕይወት ሳለ የተጠራቀመው ጭማሪ ከገቢ ግብር አመለጠ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሕጋዊ ነው። ከመካከላችን እንዲህ ያለውን መንገድ ለደንበኛው ያልጠረገ እጁን ያውጣ አልልም፤ ስብሰባው ገና መጀመሩ ነው።

አሜሪካዊው ቢሊየነር ዋረን በፌት በ2011 የራሱን ገመና በጋዜጣ ላይ አውጥቶታል። ግብር ከሚከፈልበት ገቢው የከፈለው 17.4 በመቶ ነበር። ቢሮው ውስጥ ያሉት ሌሎች 20 ሰዎች በአማካይ 36 በመቶ ከፍለዋል። ልብ በሉ፣ ይህ ስሌት ከተመዘገበው ገቢ ብቻ ነው። የከፈለው ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ሀብቱ በአሥር ቢሊዮኖች ይቆጠር ነበር።

እንግዲያው ግብሩ ሀብቱ ላይ ይጣል የሚሉ አሉ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በአብዛኛው የበለጸጉ አገሮች ከተሰባሰቡበት የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት፣ ከኦኢሲዲ፣ አባል አገሮች በ1990 የሀብት ግብር የነበራቸው 12 ናቸው። በ2017 የቀሩት 4 ብቻ ነበሩ። ተቃዋሚዎች ይህንን ጠቅሰው «ተሞክሮ ከሽፏል» ይላሉ። ቁጥሩ ልክ ነው። መደምደሚያው ግን አይዋጥልኝም።

ለምን እንደከሸፈ እንይ። ፈረንሳይ ግብሩን የምትጀምረው ከ1.3 ሚሊዮን ዩሮ ሀብት ነበር። ከተማ መሃል ጥሩ ቤት ያለው ሰው ይገባበታል። በአንጻሩ የራሱን ኩባንያ የሚመራ ባለቤት ድርሻው ነፃ ነበር። ስዊድንም የትልልቅ ኩባንያዎችን ዋና ባለድርሻዎች ነፃ ካደረገች በኋላ ግብሩን በ2007 ሰረዘችው። ጀርመን ውስጥ ቤትና መሬት የሚገመተው በ1964 ዋጋ፣ አክሲዮን ደግሞ በገበያ ዋጋ ነበር። ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ በ1995 ይህ አድልዎ ነው አለ። ከ1997 ጀምሮ ግብሩ አይሰበሰብም። እንግዲህ እነዚህ ግብሮች መካከለኛውን ሀብታም ይዘው ዋናውን የለቀቁ ናቸው። እንዲህ ያለ ግብር ማንም ባይወደው አይገርምም።

ሀብታም ይሸሻል የሚለውም ባዶ ወሬ አይደለም። ኖርዌይ በ2022 የሀብት ግብሯን ከፍ ስታደርግ በርካታ ባለሀብቶቿ ወደ ስዊዘርላንድ ሄደዋል። የሚያስቀው፣ ስዊዘርላንድም የሀብት ግብር አላት። ግለሰብ አክሲዮን ሸጦ ባገኘው ትርፍ ላይ ግን በአብዛኛው ግብር አትጥልም። ሰዎቹ የሸሹት ከግብሩ ስም እንዳልነበር ከዚህ ይገባናል። ኖርዌይም ኋላ ላይ ለሚወጡ ሰዎች የመውጫ ግብሯን አጥብቃለች።

ለእኔ የተሻለ የሚመስለኝ ፈረንሳዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ገብርኤል ዙክማን በ2024 ለቡድን 20፣ ማለትም ለትልልቅ ኢኮኖሚዎች ስብስብ፣ ያቀረበው ሐሳብ ነው። ቢሊየነር የሆነ ሰው በዓመት ቢያንስ የሀብቱን 2 በመቶ ያህል ግብር ይክፈል ይላል። በገቢ ግብር ያንን ያህል ከከፈለ ተጨማሪ አይጠየቅም። ካልከፈለ ልዩነቱን ይሞላል። የሚነካው በዓለም 3 ሺህ ገደማ ሰው ነው። የሚያስገባው በዓመት ከ200 እስከ 250 ቢሊዮን ዶላር ተገምቷል። መነሻው ከፍ ያለ ስለሆነ ከተማ መሃል ጥሩ ቤት ብቻ ያለውን ሰው አይነካም። ነፃ የሚደረግ የሀብት ዓይነትም የለውም። አገሮች የባንክ ሒሳብ መረጃ በራስ-ሰር መለዋወጥ ስለጀመሩ፣ ገንዘብ ውጭ መደበቅም እንደ ድሮው ቀላል አይደለም።

ፖለቲካው ግን ሌላ ነው። ተመሳሳይ ሕግ የፈረንሳይ ምክር ቤት በ2025 መጀመሪያ ላይ አጽድቆት፣ ሴኔቱ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ጥሎታል።

የእኔ ጥርጣሬ ዋጋ ግመታው ላይ ነው። በአክሲዮን ገበያ የማይሸጥ ኩባንያ ስንት ያወጣል? ባለቤቱ ዝቅ ያደርጋል፣ ግብር ሰብሳቢው ከፍ ያደርጋል፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ዓመታት ይፈጃል። መፍትሔ ብዬ የማስበው ግብሩን በአክሲዮን መክፈል እንዲፈቀድ ነው። ባለቤቱ ኩባንያዬ ርካሽ ነው ካለ፣ መንግሥት በዚያው ዋጋ ድርሻ ይውሰድ። ያኔ ዋጋ ማሳነስ ባለቤቱን ራሱን ይጎዳዋል። ጥሬ ገንዘብ የለኝም የሚለው ምክንያትም ይነሳል። መንግሥት የተረከበውን ድርሻ ለማን፣ መቼ ይሽጥ የሚለው ግን ገና አልጠራልኝም።

የጠዋቱ የመጀመሪያ ውይይት በዚሁ በዋጋ ግመታ ላይ ነው። የማትስማሙ አባላት ቀድማችሁ እንድትናገሩ አደራ እላለሁ። ጉባኤው በይፋ ተከፍቷል።