ካኑን የሠራው ማን ነው?

እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ርዕሴ በደማስቆ ያለው የአስዓድ ፓሻ ካን፣ ያ ትልቁ የሲራራ ነጋዴዎች ማረፊያ ነው። አስዓድ ፓሻ በኦቶማን ቱርኮች ዘመን የደማስቆ ገዥ ነበር። ስለ ቤቱ እነግራችኋለሁ። የመጣሁት ግን የሚከነክነኝን ነገር ልናገር ነው።

ደማስቆን ሁላችንም ከሐዋርያት ሥራ እናውቃታለን። ጳውሎስ ያረፈበት «ቅን» የሚባለው መንገድ ዛሬም አለ። ከዚያ ወደ ታላቁ የኡመያድ መስጊድ የሚወስድ የቅመማ ቅመም ገበያ አለ፤ አል ቡዙሪያ ይሉታል። ካኑ እዚያ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1751 እስከ 1753 ተሠራ። በሩን አልፋችሁ ስትገቡ ግድግዳው አንድ ረድፍ ጥቁር፣ አንድ ረድፍ ነጭ ድንጋይ ነው። ግቢውን ዘጠኝ ጉልላቶች ያለብሱታል፤ የሚያርፉት በአራት ወፋፍራም ምሰሶዎች ላይ ነው። ከመካከለኛው ጉልላት ሥር የውሃ ገንዳ አለ። ከባግዳድ፣ ከሞሱል፣ ከሐለብ የመጣ ነጋዴ ጭነቱን እዚህ ያራግፍ፣ ዕቃውን ምድር ቤት ያስገባ፣ እሱ ፎቅ ወጥቶ ያድር ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ባለፈው ወር ክበባችን ስለ ፓሻው ቤተ መንግሥት ሲወያይ «እንዴት ያለ ገንቢ ሰው ነው!» እያልን አጨበጨብን። በራሪ ወረቀታችንም ላይ «አስዓድ ፓሻ ሠራው» ብለን ጻፍን። በቃ፣ ሌላ ስም የለም። እኔ ይሄ አልዋጥልህ ብሎኛል።

በዚያው ዘመን ደማስቆ ውስጥ አህመድ አል ቡደይሪ የሚባል ፀጉር አስተካካይ ነበር። ከ1741 እስከ 1762 የከተማውን ውሎ ጽፎ ያስቀመጠ ሰው ነው። ስለ ዳቦ ዋጋ ይጽፋል፣ ስለ ወታደሩ ብልግና ይጽፋል፣ ማን እንደሞተም ይጽፋል፤ ደንበኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያወራውን ሁሉ ሰምቶ ማታ ብዕሩን ያነሳ ይመስለኛል። ካኑ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ያ ቤተ መንግሥት ሲሠራ የታዘበውንም አልደበቀም። ግንበኛውና አናጺው ሁሉ ለፓሻው ተወሰደ፣ ሌላው ሰው ሠራተኛ አጣ። ድንጋይና ምሰሶ ከየቦታው እየተነቀለ መጣ። የሕዝቡ ውሃ እንኳ ወደ ፓሻው ግንባታ ዞረ። እኛ ያጨበጨብነው ለዚህ ነው!

ፓሻው ድንጋይ አልጠረበም! ጉልላት ላይ አልወጣም! የጠረበው፣ የተሸከመው፣ ውሃ የተጠማው የደማስቆ ሰው ነው። ካኑንም ቤት ያደረጉት ግመል ነጂው፣ ተሸካሚው፣ ቅመም ሻጩ ናቸው። ስማቸው ባይገኝ እንኳ ሥራቸውን መጻፍ ያቅተናል? አያቅተንም!

የቀረውን ባጭሩ። በ1759 የመሬት መንቀጥቀጥ ከጉልላቶቹ ሦስቱ ፈረሱ፤ በእንጨት ተሸፍነው ቆይተው የታደሱት ባለፈው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ፓሻው ይህን አላየም። በ1757 ከደማስቆ ተነሳ፣ በዓመቱ በሱልጣኑ ትእዛዝ ተገደለ፣ ሀብቱም ተወረሰ።

ጥያቄዬ አንድ ነው። በራሪ ወረቀቱ እንደገና ሲታተም «አስዓድ ፓሻ አሠራው፣ የደማስቆ ግንበኞች ሠሩት» ይባል። የፀጉር አስተካካዩ ስምም ይግባበት። የምትስማሙ አሁኑኑ እጃችሁን አንሱልኝ፣ ጸሐፊያችን ይመዝግበው።