ስምንት ለዜሮ

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንድ የቤዝቦል ወርዋሪ፣ ኳሷን ለመቺው ስለሚወረውር ተጫዋች፣ ላወራችሁ ነው።

ብዙዎቻችሁ ቤዝቦል እንደማትከታተሉ አውቃለሁ። እኔም ሎስ አንጀለስ ከገባሁ ከስንት ዓመት በኋላ ነው የገባኝ። ያስተማሩኝ ፓርኪንግ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ አብረውኝ የሚሠሩ ሜክሲኮዊ አዛውንት ናቸው። ሬዲዮውን በስፓኒሽ ይከፍቱና በእጃቸው እያሳዩ ያስረዱኛል። መጀመሪያ የነገሩኝም ስም ፈርናንዶ ቫለንዙዌላ ነው።

ልጁ ሜክሲኮ፣ ሶኖራ ውስጥ ካለች ትንሽ የገጠር መንደር ነው የመጣው። ለገበሬ ቤተሰቡ አሥራ ሁለተኛ ልጅ ነው። በፈረንጆቹ አፕሪል 9 ቀን 1981 የሎስ አንጀለሱ ቡድን የዶጀርስ የመክፈቻ ጨዋታ ነበር። ሊወረውር የነበረው ጄሪ ሩስ ተጎዳና ኳሷ ለዚህ የ20 ዓመት ልጅ ተሰጠች። በትልቁ ሊግ አንድም ጨዋታ ጀምሮ አያውቅም። ሂዩስተንን 2 ለ 0 አሸነፈ።

ከዚያ በኋላ አላቆመም። ስምንት ጨዋታ ጀመረ፣ ስምንቱንም አሸነፈ፤ ስምንት ድል፣ ዜሮ ሽንፈት። በአምስቱ ተጋጣሚው አንድም ነጥብ አላገባም።

እዚህ ላይ ቁጥሯን ላስረዳችሁ፤ እኔን የያዘችኝ እሷ ናት። ጨዋታው ዘጠኝ ዙር አለው፤ ሁለቱም ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት አንዱ ዙር ኢኒንግ ይባላል። ወርዋሪ የሚለካው በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ ስንት ነጥብ እንደሚቆጠርበት ነው። በቡድኑ ስህተት የገባው አይታሰብበትም። ሦስት ከሆነ ጎበዝ ይባላል። ፈርናንዶ 72 ኢኒንግ ወርውሮ የተቆጠረበት አራት ብቻ ነው። 0.50 ማለት ነው። አስቡት፣ ግማሽ ነጥብ!

እንዲህ ያለ ቁጥር ደግሞ በውድድር ወቅቱ መጀመሪያ ላይ በጣም ስስ ነው። የተወረወረው ገና ጥቂት ስለሆነ፣ አንድ መጥፎ ምሽት ያበላሸዋል። ሁሉም ይህን ያውቃል፤ ለዚህም ነው አገሩ ሁሉ ትንፋሹን ይዞ የሚቆጥረው። ልጁ ግን ሊወረውር ሲል ዓይኑን ወደ ሰማይ ያነሳል። ከዚያ ያቺ ከተለመደው ወደ ተቃራኒ የምትታጠፍ ኳሱ ትመጣለች፤ ስክሩቦል ይሏታል።

እንግሊዝኛ አይችልም ነበር። ለጋዜጠኞች የሚያስተረጉምለት የዶጀርስን ጨዋታ በስፓኒሽ በሬዲዮ የሚያስተላልፈው ሃይሜ ሃሪን ነበር። ይሄ ነገር ልቤን ይነካዋል። እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ ቃል ሲጠፋኝ ሰው ፊት ያነስኩ ይመስለኝ ነበር። እሱ በራሱ ቋንቋ፣ ረጋ ብሎ ይመልስ ነበር።

አሁን የዶጀርስ ስታዲየም ያለበት ቻቬዝ ራቪን የሜክሲኮ ተወላጆች ሰፈር ነበር። በ1950ዎቹ ቤተሰቦቹ ተነሱ፣ ቤታቸው ፈረሰ፤ የመጨረሻዎቹን ፖሊስ ነው ያስወጣቸው። የፓርኪንጉ አዛውንት፣ አባታቸው የዚያ ሰፈር ሰው ናቸው። ያንን በር ላይረግጡ ምለው ነበር። ሃያ ዓመት ያህል መሐላቸውን ጠበቁ። በ1981 ጸደይ ግን ልጃቸውን ይዘው ገቡ።

ሜይ 18፣ እዚያው ስታዲየም፣ ፊላደልፊያ 4 ለ 0 አሸነፈችው። ስምንት ለዜሮው በዚያ አበቃ። በወቅቱ መጨረሻ ቁጥሩ 2.48 ነበር። በዚያው ዓመት የምርጥ ጀማሪውንም የምርጥ ወርዋሪውንም ሽልማት ወሰደ። ሁለቱን በአንድ ዓመት የወሰደ ሌላ ሰው የለም።

ፈርናንዶ ያረፈው ኦክቶበር 22፣ 2024 ነው፤ በ63 ዓመቱ። በማግስቱ ሌሊት ፈረቃ ላይ ሬዲዮው ስለ እሱ ብቻ ነበር የሚያወራው። ሁለታችንም ዝም ብለን ሰማን። በኋላ «የመጀመሪያዋን የተሸነፈ ቀን አባትዎ ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ምንም» አሉኝ። «ሰዉ ሁሉ ወጥቶ እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ ሜዳውን ያይ ነበር። ከዚያ በጣቱ አሳየኝ። ‹ቤታችን እዚያ ጋ ነበር› አለኝ።»