አልጀብራና ወጌሻ

[ምስል፦ በጨርቅ የታሰረ ክንድ]

እጁ የወለቀ ልጅ ወጌሻ ፊት ተቀምጧል። ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ አሸት አሸት ያደርገዋል፣ እግረ መንገዱንም ወሬ ያስወራዋል። ልጁ በወሬው ሲዘናጋ፣ ቋ! አጥንቱ ቦታው ገባ። ስብራት ቢሆን ኖሮ ቀርቀሃ ተሰንጥቆ፣ በጨርቅ ተጠፍሮ ይታሰርለት ነበር።

አረቦች ይህን ሥራ «ጀብር» ይሉታል። የተሰበረውን መጠገን፣ የተለያየውን መልሶ ማገጣጠም ማለት ነው። ለስብራት የሚታሰረውን ድጋፍ ዛሬም «ጀቢራ» ነው የሚሉት። አሁን ከፊቱ «አል» ጨምሩበት። አል-ጀብር። አዎ፣ ያቺው በትምህርት ቤት ፍዳችንን ያሳየችን አልጀብራ!

ታዲያ አጥንትና ሒሳብ ምን አገናኛቸው? በፈረንጆቹ 820 ገደማ ባግዳድ ውስጥ አል-ኽዋሪዝሚ የሚባል ሊቅ አንድ የሒሳብ መጽሐፍ ጻፈ። «አል-ጀብር» የሚለውን ቃል ርዕሱ ላይ አስገባው። መጽሐፉ ውርስ ለሚካፈል፣ ለሚነግድ፣ መሬት ለሚለካ፣ ቦይ ለሚቆፍር ሰው የታሰበ ነበር። ኤክስ የለ፣ የመቀነስ ምልክት የለ፤ ሁሉም ነገር በቃላት ነው። ያልታወቀውን ቁጥር «ነገር» ብሎ ይጠራዋል።

[ስክሪን ላይ፦ ኤክስ − 6 = 9]

ይህችን በእሱ ዓይን እንያት። «ነገር» ሙሉ አይደለም። 6 ጎድሎበታል፤ ተሰብሯል ማለት ነው። ስለዚህ የጎደለውን 6 መልሰን እንገጥምለታለን። ወደ አንዱ ወገን እንዳናዳላ ደግሞ በ9ኙም ላይ 6 እንጨምራለን። ነገርየው ዳነ፦ 15 ነው። ጀብር ማለት ይኸው ነው።

እኛ ግን የተማርነው «እኩል ምልክቱን ሲሻገር ቅናሽ ወደ ድምር ይቀየራል» ተብለን ነው። ለምን ይቀየራል ብሎ የጠየቀ ተማሪ ትዝ አይለኝም። እኔም አልጠየቅሁም። ስድስቷ እኮ የትም አልተሻገረችም! ስብራት ነው የተጠገነው።

በ1145 የቼስተሩ ሮበርት መጽሐፉን ስፔን፣ ሴጎቪያ ውስጥ ወደ ላቲን ሲመልሰው ቃሉን አልተረጎመውም፤ እንዳለ አስገባው። እንግሊዝኛም በኋላ ተቀበለው። ደስ የሚለው ግን በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች ራሳቸው «አልጀብራ» ሲሉ አጥንት መግጠምንም ማለታቸው ነበር። የሒሳቡ ትርጉም እያደር አሸነፈ እንጂ።

ስፔኖች ዘንድማ ድሮ ወጌሻው ራሱ «አልጀብሪስታ» ነበር የሚባለው። በ1615 በወጣው፣ ዶን ኪሾቴ በተባለው የሰርቫንተስ ልቦለድ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ሳምሶን ካራስኮ የሚባል ገጸ ባሕሪ በፍልሚያ ከፈረስ ይወድቅና ጎኑን ክፉኛ ይታመማል። እንደ ዕድል ሆኖ የደረሰበት መንደር አንድ አልጀብሪስታ ነበረው። እሱም አከመው።