ያው ኪኒን ለእኔና ለእህቴ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረ ነገር ላጫውታችሁ ነው።

አንድ ጊዜ ትንሽ ቀዶ ጥገና ተደርጎልኝ፣ ለሕመሙ ኮዴይን ታዘዘልኝ። ዋጥኩት። አንድ ሰዓት ጠበቅኩ፣ ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ፤ ምንም የለም። ቁስሉ ድው ድው ይላል። «ሲስተር፣ መድኃኒቱ አላስታገሰኝም» አልኳት ተረኛዋን ነርስ። «ይሄማ ጠንካራ ነው፤ ትንሽ ቻል አድርገው» አለችኝ። ክፉ ሰው አልነበረችም። ግን እያጋነንኩ እንደመሰላት ፊቷ ላይ አየሁ። ያ ከቁስሉ በላይ አመመኝ። እህቴ ደግሞ ጥርሷን ተነቅላ ያንኑ ኪኒን ወስዳ ለጥ ብላ ተኝታ ነበር። የአንድ እናትና አባት ልጆች ነን እኮ!

ቆይቼ የዘረመል ምርመራ ሳደርግ ነገሩ ተገለጠልኝ። ኮዴይን ራሱ ሕመም የማስታገስ አቅሙ ደካማ ነው። ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ከኮዴይኑ ጥቂቱን ወደ ሞርፊን ይቀይረዋል። የሚያስታግሰን በዋናነት ሞርፊኑ ነው። ኢንዛይሙን የሚያሠራውን ጂን አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት እንወርሳለን። የእኔ ሁለቱም አይሠሩም። ኪኒኑን ብውጠውም ሞርፊን የሚሆነው ከቁጥር አይገባም።

የባሰው ግን ተቃራኒው ነው። ይሄ ጂን ተደራርቦ ሦስትም ከዚያም በላይ የሆነላቸው ሰዎች አሉ። እነሱ ላይ በተለመደው መጠን እንኳ ሞርፊኑ ቶሎና በብዛት ይመረታል፤ ትንፋሽ እስከማቆም ሊያደርስ ይችላል። ቶንሲላቸውን ተቆርጠው ኮዴይን የተሰጣቸው ሕፃናት ሞተዋል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 ከባድ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በ2017 ደግሞ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ አለ። ይህን ያነበብኩ ቀን ኪኒን በእጄ ይዤ ብዙ ቆየሁ።

በሽታም ላይ ጂን እንዲሁ ሰውን ከሰው ይለያል። ደግሞ የተበላሸ ጂን ሁሉ ጉዳት አይደለም። ፒሲኤስኬ9 የሚባለው ጂናቸው የማይሠራ ሰዎች መጥፎው ኮሌስትሮላቸው ዝቅ ያለ ነው፤ የልብ ሕመምም ብዙ አይደፍራቸውም። ሐኪሞች ይህን አይተው ያንኑ የሚያግድ መድኃኒት ሠሩ። በጣም ደስ የሚለኝ ታሪክ ነው። ለኤችአይቪ የሚሰጠው አባካቪርም አለ፤ አንድ የታወቀ የዘረመል ምልክት ያለበት ሰው ላይ ብርቱ አለርጂ ሊያመጣ ስለሚችል፣ አስቀድሞ በደም ምርመራ ይለያል። ማለትም ማወቅ ይቻላል። ሰውየውን ከማሳመም በፊት!

ለዚህ ነው «አልሠራልኝም» የሚል ሕመምተኛ ይደመጥ የምለው። ሰበብ ፈላጊ አይደለም፤ ጉበቱ ሊሆን ይችላል።

አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ትንሽ ወረቀት አለች፤ የኢንዛይሙ ስምና «ኮዴይን አይሠራልኝም» የሚል ተጽፎባታል። በቅርቡ ወገቤን አሞኝ ሄጄ ሐኪሙ ትራማዶል ሲጽፍልኝ አሳየሁት። አነበበና «ይሄም እኮ በዚያው ኢንዛይም ነው የሚሠራው» አለኝ። ሰረዘው፤ ሌላ ጻፈልኝ። በዚያች ሌሊት ተኛሁ።