ሳይቀምሱ ማብሰል

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ደብረ ማርቆስ፣ እናቴ ቤት፣ ከጓዳው አጠገብ ካለችው ክፍል ነው የምቀዳው። መሀል መሀል የዶሮ ድምፅ ከሰማችሁ ከግቢያችን ነው።

ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ ገና ነው። በገና ዕለት ደጃችን ላይ፣ በግማሽ በርሜል፣ አንድ ሙሉ ተርኪ በጭስ አብስለናል። አንዳንዱ ሰው ቱርክ ዶሮ የሚለውን ማለቴ ነው። ግን ከዚያ ቀን በልቤ የቀረው የተርኪው ነገር ብቻ አይደለም።

ታላቅ እህቴ፣ እኛ እታለም ነው የምንላት፣ አሜሪካ ከሄደች 14 ዓመቷ ነው። እዚያ ተርኪ የሚበላበት የምስጋና በዓል የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው። የኛ የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። ስለዚህ አብዛኛውን ዓመት በዓሉ ጾም ላይ ይወድቅባታል። የባሏ ቤተሰቦች እዚያው ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ተርኪውን የምትሠራላቸው ግን እሷ ናት። እንግዲህ አስቡት፤ 20 ሰው የሚበላውን ሥጋ ጨውም ሆነ ብስለት ሳትቀምስ መሥራት አለባት። ለገናው እኛ ጋ መጥታ ሳለ «ሚዛንና ቴርሞሜትር የገዛሁት ጾሙን ላለመሻር ብዬ ነው» አለችኝ። እኔ ደግሞ የፈረንጅ ልማድ የያዘች መስሎኝ ነበር እኮ።

ይሄን ስትነግረኝ ወዲያው የታወሰችኝ እናቴ ናት። የበዓል ዋዜማ ዶሮ ወጥ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ያመሻል፣ በርበሬው ይገባል፣ ዶሮው ይገባል፣ ግን ጾሙ አልተፈታምና ማንም አይቀምስም። እናቴ ክዳኑን ገለጥ ታደርግና እንፋሎቱን በነጠላዋ ጫፍ ወደ ፊቷ ትስበዋለች። ዓይኗን ትጨፍናለች። ትንሽ ትቆያለች። ከዚያ «ጎደለው» ትላለች፣ በሦስት ጣቷ ቆንጥራ ትጨምራለች፣ ትከድናለች። ዕድሜዬን ሙሉ አይቼዋለሁ፤ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ የገባኝ ግን ዘንድሮ ነው።

ተርኪውን ባሕር ዳር ከሚያረባ ሰው ገዛን። እናቴ መጀመሪያ ልቧ አልተቀበለውም። ለሷ ዶሮ ማለት 12 ብልት ነው፤ ታጥቦ፣ በሎሚና በጨው ታሽቶ፣ ውኃው ኩልል እስኪል ተለቃልቆ። «ሙሉውን? ሳይገነጠል?» አለች። መብላቱንም ተጠራጥራ ነበርና የንስሐ አባታችንን ጠየቀቻቸው፤ ባርካችሁ እረዱ አሏት። ታኅሣሥ 27 አረድኩት። አባዬ ካለፈ ሦስት ዓመት ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ቢላዋው የኔ ነው፤ አሁንም በስመ አብ ስል ድምፄ ይርዳል።

ላባው ተነጭቶ ሲጸዳ 6 ኪሎ ሆነ። እታለም 12 ሊትር ውኃ ለካች፤ ለእያንዳንዱ ሊትር 60 ግራም ጨው፣ በጠቅላላው 720 ግራም። በሚዛን ነው እንጂ በስኒ አይለካም። ደቃቁ ጨውና ሸካራው ጨው በአንድ ስኒ እኩል አይመዝኑም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ከውኃው ጥቂቱን አፍልታ ጨውንና አንድ ብርጭቆ ማር አሟሟችበት። ያሜሪካኖቹ ስኳር ይጨምራሉ፤ ጎጃም ተቀምጦ ግን ማር እያለ ስኳር ለምን? ነጭ ሽንኩርትና የተከካ ኮረሪማ ገባ፤ ከቀዝቃዛው ውኃ ጋር ተቀላቀለ፤ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ወፉ ተዘፈዘፈ። እውነቱን ለመናገር ኮረሪማው ከቆዳው ብዙም አያልፍም። ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ጨው ነው። ሥጋ እሳት ሲነካው ይኮማተርና ውኃውን ይለቃል፤ ጨው የገባበት ሥጋ ግን ፕሮቲኑ ስለሚላላ ያን ያህል አይጨመቅም፣ ውኃውን ይዞ ይቀራል። የተርኪ ፈርጠም ያለ ደረት ሳይደርቅ የሚወጣው በዚህ ነው።

ችግሩ ቅዝቃዜው ነው። ዝፍዝፉ ከ4 ዲግሪ በታች መቆየት አለበት፤ አለዚያ ሥጋው ይበላሻል፣ ሰውም ያሳምማል። የማርቆስ ሌሊት ይበርዳል፤ ግን በብርድ ብቻ መተማመን አይቻልም። ባልዲው ፍሪጅ ውስጥ ስለማይገባ በሃይላንድ ውኃ ሞልተን በረዶ አደረግንና ሃይላንዶቹን ከወፉ ጋር ባልዲው ውስጥ ከተትናቸው። ሌሊት መብራት ጠፋ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ተነሥቼ የቀለጡትን አውጥቼ፣ ፍሪጁ ውስጥ ገና ደረቅ የነበሩትን ቀየርኩ። ዞር ስል እናቴ በባትሪ ታበራልኛለች። መቼ እንደተነሣች አላወቅኩም።

16 ሰዓት ቆየ። በማግስቱ ወጣ፣ ተለቀለቀ፣ በንጹሕ ጨርቅ ደረቀ፤ መብራቱ ተመልሶ ስለነበር የፍሪጁን መደርደሪያዎች አውጥተን ቆዳው እንዲደርቅ ሳይሸፈን እዚያ አደረ። እርጥብ ቆዳ በጭስ ጎማ ይሆናል።

ስለ ጭሱ ልንገራችሁ። ባለፈው ፋሲካ ብቻዬን በዶሮ ሞክሬው ነበር፤ ያገኘሁትን የባሕር ዛፍ ፍላጭ ጨመርኩበት። ባሕር ዛፍ ዘይት አለው፤ ሥጋው መራራ ሆነ። ያን ቀን እናቴ ምንም ሳትል በልታ ጨረሰችው፤ ያ ዝምታዋ እስካሁን ያመኛል። ዘንድሮ ግን ራሷ ከአጥሩ የደረቀ የወይራ ቅርንጫፍ ሰብራ አመጣችልኝ። የጠላ ጋን ሲታጠን አይታችሁ ታውቁ የለም? በግራዋ ታጥቦ፣ ወይራው ፍም ላይ ሲጤስ ጋኑ ይደፋበታል። «ድፍን ነጩን ጭስ አታስገባበት» አለችኝ፣ «እሱ መራራ ያደርጋል። ቀጠን ብሎ ሰማያዊ ሲሆን ነው።» በጭስ የሚያበስሉ ባለሙያዎች የሚሉት ቃል በቃል ይኼንኑ ነው። ነጭ ድፍን ጭስ በደንብ ያልነደደ እንጨት ነው።

ከሰሉ ከአዊ፣ ከፋግታ ለኮማ በኩል የሚመጣው የዲከረንስ ከሰል ነው። ገበሬው ዛፉን እንደ ሰብል ተክሎ፣ ቆርጦ፣ አክስሎ፣ መልሶ ይተክላል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ፍሙን በበርሜሉ አንድ ወገን ሰበሰብኩ፣ ወፉን በሌላው ወገን አስተኛሁ፣ መሀል ላይ ውኃ ያለበት ትሪ። እሳቱ ከሥሩ መሆን የለበትም። የበርሜሉ ሙቀት 130 ዲግሪ አካባቢ፤ ከፍ ሲል አየር መግቢያውን መዝጋት፣ ሲወርድ ከሰል መጨመር። ክዳኑን በከፈታችሁ ቁጥር ሙቀቱ ያመልጣልና አትክፈቱ።

ቴርሞሜትሩን ዋዜማውን በፈላ ውኃ ሞክሬው 92 ሲል ተበላሽቷል ብዬ ደንግጬ ነበር። አልተበላሸም። ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ እዚህ ውኃ የሚፈላው 92 ላይ ነው።

ረፋድ አምስት ሰዓት ሲሆን እናቴ መጣች፤ በክዳኑ ቀዳዳ የሚወጣውን ጭስ በነጠላዋ ሳበችው። «ደርሷል» አለች። ቴርሞሜትሩ ከደረቱ ወፍራም ቦታ ላይ 63 ይላል። የሚፈለገው 74 ነው። እታለምና እኔ ተያየን፤ «እማዬ፣ ትንሽ ይቆይ» አልናት። ስድሳ ዓመት ወጥ ያወቀ አፍንጫ የጭስን ሥጋ አላወቀውም፤ ይሄ ደግሞ በሽታ የሚያመጣ ነገር ነውና እሺ ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አልተከፋችም። በርጩማዋን አምጥታ ቁጥሩ እስኪወጣ ከኛ ጋር ተቀመጠች። «አሁንስ?» ትላለች በየአሥር ደቂቃው። ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ 74 ሞላ፤ ታፋው 81።

ለግማሽ ሰዓት አሳርፈን ስንቆርጠው ከአጥንቱ አጠገብ ቀላ ብሏል። የአጎቴ ልጅ ጥሬ ነው ብሎ እጁን ሰበሰበ። ጥሬ አይደለም፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ጋዝ የሥጋውን ቀይ ቀለም ስለሚያቆየው ነው። ብስለትን ቁጥሩ እንጂ ቀለሙ አይናገርም።

ቢላዋውን እናቴ ተቀበለችኝ። ያን ትልቅ ወፍ እንደ ዶሮ፣ 12 አድርጋ ገነጠለችው። ፈረሰኛው በቤታችን የአባዬ ነበር፤ ከሞተ ወዲህ ለማንም አልወጣም፣ ድስቱ ውስጥ ይቀር ነበር። ትንሽ ያዘችውና ለሁለት ቆረጠችው፤ አንዱን ለእታለም፣ አንዱን ለኔ። ማንም ምንም አላለም። ጨው አልጎደለውም።

እታለም ሄዳለች፤ ቴርሞሜትሩን ለእናቴ ትታላት። ለፋሲካ ተርኪ አንፈልግም፤ በዶሮ ነው የምንሠራው። ያረጀ አውራ ዶሮ ለዚህ አይሆንም፣ እሱ ወጥ ነው የሚፈልገው። ቄብ ትሻላለች፤ አንድ ኪሎ ለምትሆን ጨዉ ያው በሊትር 60 ግራም፣ ዝፍዝፉ ግን አራት ሰዓት ይበቃል። የደረቀ ወይራ ከአሁኑ እየሰበሰብኩ ነው። እናቴም ግቢ ውስጥ ካሉት ቄቦች አንዷን ለይታ ጥሬ ስትበትንላት አያታለሁ።