ፓሪስን ያቆማት ማህበሯ ነው

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣

እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። ከሞጣ፣ ከቢቸና፣ ከቡሬና ከዳንግላ መንገዱን ችላችሁ ደብረ ማርቆስ ለገባችሁ ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ፈታይ እናቶቻችን፣ ሸማኔዎቻችን፣ ጥልፍ ሠሪዎቻችን፣ ልብስ ሰፊዎቻችን፣ ከባሕር ዳር የመጣችሁ ወጣት ዲዛይነሮች፣ ሁላችሁንም በአንድ አዳራሽ በማየቴ ደስ ብሎኛል።

አምና ወጣቶቻችን አንድ ጥያቄ አንስተው ነበር። «እኛስ ለምን የፋሽን ሳምንት አይኖረንም?» አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የፋሽን ሳምንት ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት መብራቱ፣ ሙዚቃውና ሞዴሎቹ ናቸው። ከጀርባ ያለውን ሥራ የሚያይ ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ስለ ፓሪስ ላውራችሁ። ፓሪስን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እዚያ የፋሽን ሳምንቱን የሚያዘጋጀው እንደኛው ያለ የሙያ ማህበር ነው።

ታሪኩ ከአንድ እንግሊዛዊ ይጀምራል። ቻርልስ ፍሬድሪክ ዎርዝ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1858 ፓሪስ ውስጥ የራሱን ልብስ ቤት ከፈተ። በዚያን ጊዜ ባለጸጋዋ እመቤት ጨርቁን ራሷ ገዝታ፣ የምትፈልገውን ነግራ ታሰፋ ነበር። ዎርዝ ይህን ለወጠው። ልብሱን ራሱ አስቦ ሠራው፤ በሰው ላይ አልብሶ አሳየው፤ ደንበኛዋ ካየችው ውስጥ መረጠች። የናፖሊዮን ሣልሳዊ ሚስት እቴጌ ዩጄኒ ሳይቀሩ ደንበኛው ሆኑ። በሚሠራው ልብስ ውስጥም ስሙን ሰፋበት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በእኛ አገር ሸማኔ ስሙን ልብሱ ላይ ሊያኖር ቀርቶ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ስድቡ እየቀነሰ መጣ። ስማችን ግን ዛሬም ልብሱ ላይ የለም። ሰፊ ጥለት ያለውን ቀሚስ የሠራው ሰው ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ፣ ድሩን በጣቱ እየቆጠረ፣ ቀለሙን ክር በክር እያስገባ ሳምንታት ይፈጅበታል። ልብሱ ሲሸጥ የሚጠራው የሱቁ ስም ነው። ይህ ያንገበግበኛል።

ወደ ፓሪስ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1868 የልብስ ቤቶቹ ማህበር አቋቋሙ። ዛሬ የፓሪስን የፋሽን ሳምንት የሚመራው ፌዴሬሽን ሥሩ ያ ማህበር ነው። በ1927 ደግሞ ማህበሩ የሙያ ትምህርት ቤት ከፈተ።

የማህበር ጥቅም ግን በደህና ጊዜ በደንብ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ1940 የናዚ ጀርመን ጦር ፓሪስን ያዘ። ጀርመኖቹ የፓሪስን የልብስ ሥራ ነቅለው ወደ በርሊንና ወደ ቪየና ሊወስዱት አሰቡ። የማህበሩ ፕሬዚዳንት ሉሲየን ለሎንግ ነበር፤ እሱም የታወቀ ልብስ ሠሪ ነው። በርሊን ድረስ ሄዶ ተከራከረ። ክርክሩም ይህ ሙያ በአንድ ሰው እጅ ያለ አይደለም የሚል ነበር። ጠላፊው፣ አዝራር ሠሪው፣ ላባ ሠሪው፣ ዳንቴል ሠሪው ሁሉ እዚያው ፓሪስ ነው። አንዱን ነቅላችሁ ብትወስዱት ሥራው ይሞታል አላቸው። ዕቅዱም ቀረ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች እንጀራቸው ላይ ቆዩ።

ከተማዋ ነጻ ስትወጣ ጨርቅ የለም፣ ማገዶ የለም፣ ገዢ የለም። ያኔ ማህበሩ ያደረገውን ስሙ። ለሰው የሚበቃ ጨርቅ ስላልነበረ ለአሻንጉሊት ሠሩ። አሻንጉሊቶቹ ከብረት ሽቦ የተሠሩ፣ ቁመታቸው ወደ 70 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ነበሩ። የታወቁት ልብስ ቤቶች አለበሷቸው። አዝራሩ የሚከፈት፣ ገበሩ የተሟላ፣ ጫማው እውነተኛ ጫማ፣ ልክ ለሰው እንደሚሠራው ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1945 ፓሪስ በሚገኘው የሉቭር ቤተ መንግሥት ሕንፃ ውስጥ ለእይታ ቀረቡ። ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ እየከፈለ ገብቶ አየ፤ ገቢው ለጦርነት ተጎጂዎች ሆነ። ቀጥሎም ለንደንና ኒው ዮርክ ተወስደው ታዩ። ዓለም የፓሪስ እጅ እንዳልሞተ ያወቀው በእነዚያ አሻንጉሊቶች ነው። እኔ ይህን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር ልቤ ይሞላል።

በዚያው በ1945 ሌላ ነገር ተደረገ። «ኦት ኩቱር» የሚለው ስም፣ ማለትም ለደንበኛ በልኳ በእጅ የሚሠራ ምርጥ ልብስ መጠሪያ፣ በሕግ ተጠበቀ። ማንም ተነስቶ ልብሴ ኦት ኩቱር ነው ማለት አይችልም። ፓሪስ ውስጥ የራሱ የሥራ ቦታና የሙሉ ጊዜ ባለሙያዎች ሊኖሩት ይገባል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጥርና በሐምሌ ግድም፣ አዲስ ሥራ ማሳየት አለበት። በእኛ ገበያ ደግሞ በማሽን የታተመ ጥለት የሸማኔ ሥራ ተብሎ ሲሸጥ ዝም ብለን እናያለን። ገዢው ይታለላል፣ ሸማኔው ይከስራል።

የዛሬው ዓይነት የፋሽን ሳምንት በፓሪስ መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ተዘጋጅተው በብዛት የሚሸጡ ልብሶችም ያኔ ወደ ሥርዓቱ ገቡ። አሁን የሴቶች ልብስ ወቅት ሲደርስ መጀመሪያ ኒው ዮርክ፣ ከዚያ ለንደን፣ ከዚያ ሚላን፣ መጨረሻ ላይ ፓሪስ ያሳያሉ። በዓመት ሁለቴ ነው፤ አንዱ በየካቲትና በመጋቢት፣ ሌላው በመስከረምና በጥቅምት ግድም። ፓሪስ ላይ ማን በየትኛው ቀንና ሰዓት ያሳያል የሚለውን የሚደለድለው ማህበሩ ነው። ሁለት ቤቶች በአንድ ሰዓት ቢያሳዩ ገዢው የትኛው ጋ ይሂድ?

አንዱ ትርኢት ከሩብ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ዋናው ጉዳይ ከዚያ በኋላ ነው። ከየአገሩ የመጡ የሱቅ ገዢዎች ማሳያ ክፍሉ ይገባሉ። ልብሱን በእጃቸው ይዳስሳሉ፣ ስፌቱን ገልብጠው ያያሉ፣ በየመጠኑ ያዛሉ። ሠሪው ትዕዛዙን ቆጥሮ ጨርቅ ይገዛል፣ ይሠራል፣ ወቅቱ ሲደርስ ያስረክባል። በመስከረም የታየው ለቀጣዩ የአውሮፓ ፀደይና በጋ ነው። ስድስት ወር ቀድመው ያሳያሉ ማለት ነው።

እኛስ? «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚል ሕዝብ ነው ደንበኛችን። ጥምቀት ጥር 11 ነው፣ አይዘገይም አይቀድምም። የሠርጉ ወራትም ያው ጥር ነው። እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ጥር 23 ነው፤ ፈረሱም ፈረሰኛውም ያጌጣል። ይህን ያህል ቀኑ የታወቀ ገበያ እያለን ደንበኛ የሚመጣብን ታህሳስ መጨረሻ ላይ ነው። ሸማኔው ሌሊት ሲወረውር ያድራል። ክር ይወደዳል። ግማሹ ደንበኛ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ከዚያ ሄዶ የታተመውን ይገዛል።

ስለዚህ ሥራ አመራር ኮሚቴው ለዛሬው ጉባኤ ያቀረበው ሐሳብ ይህ ነው። ከቡሄ በኋላ፣ እንቁጣጣሽ ሳይደርስ፣ ባሕር ዳር ላይ ናሙናችንን እናሳይ። ሞዴልና መድረክ ይኑር፣ እሱን ለወጣቶቹ ትቻለሁ። ቁም ነገሩ ግን ከጎኑ የሚኖረው ክፍል ነው። ነጋዴው ይግባ፣ ጋቢውንና ነጠላውን ይዳስስ፣ ይዘዝ፣ ቀብድ ይክፈል። በቀብዱ ጥጡና ክሩ ሳይወደድ ይገዛል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ተሠርቶ ታህሳስ አጋማሽ ላይ ርክክብ ይሆናል። እያንዳንዱ ልብስ ላይም የሸማኔው ስም፣ የመጣበት ወረዳና «በእጅ የተሸመነ» የሚል ምልክት ይሰፋል። ምልክቱን ያላግባብ የተጠቀመ አባል ምን ይጠብቀዋል የሚለውን እናንተ ትወስናላችሁ።

ይህ ከእኛ አቅም በላይ የሚመስላችሁ ካላችሁ ሁለት ሰው ልጥቀስ። የአዲስ አበባዋ ሊያ ከበደ በፓሪስ መድረኮች የታወቀች ሞዴል ናት። እ.ኤ.አ. በ2007 ለምለም የተባለውን የልብስ ድርጅት ስትጀምር የተማመነችው በኢትዮጵያ ሸማኔዎች እጅ ነው። ካሜሩናዊው ኢማን አዪሲ ደግሞ በ2020 ፓሪስ በኦት ኩቱር ሳምንት በእንግድነት ተጋብዞ አሳይቷል። ይዞ የቀረበው በእጅ የተሸመነ የአፍሪካ ጨርቅ ነበር። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ተቋም ስላለው ንድፉንና ልኬቱን የሚያግዙን ልጆች ደጃችን ላይ አሉ። ከመካከላቸው የተወሰኑት ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል።

አሁን ገንዘብ ያዣችን የዓመቱን ሒሳብ ታቀርባለች። ከእሷ ቀጥሎ በናሙና ትርኢቱ ላይ እንወያያለን። የቀብዱን መጠን የሚመለከት ጥያቄ ያላችሁ ከምሳ በፊት ስማችሁን ለጸሐፊው አስመዝግቡ። ጉባኤው ተከፍቷል።